ለትከሻ ስብራት ቀዶ ሕክምና ሙሉ ማደንዘዣ ወይስ ከፊል?

እናትዎ ጠዋት ከቤት ሲወጡ እርጥብ ደረጃ አዳልጧቸው ወደቁ እንበል። ለመደገፍ እጃቸውን ዘረጉ፤ የሰውነታቸው ክብደት በሙሉ ክንዳቸው ላይ አረፈ። ራጅ ሲነሱ የላይኛው የክንድ አጥንት ከትከሻ መጋጠሚያው አጠገብ መሰበሩ ታወቀ። የአጥንት ሐኪሙ ስብራቱ ከቦታው ርቆ ስለተንሸራተተ በቀዶ ሕክምና ተስተካክሎ በብረት መያዝ እንዳለበት አስረዳ። እናትዎን ያስጨነቃቸው ግን ቀዶ ሕክምናው አይደለም። እጅዎን ይዘው «ልጄ፣ ካስተኙኝ በኋላ ሳልነቃ ብቀርስ? ክንዴን ብቻ አደንዝዘው ይሥሩልኝ» ይሉዎታል።

ይህ ስጋት የብዙ ሰው ስጋት ነው። በሰፈርም በለቅሶ ቤትም «እገሌ ማደንዘዣ ተወግቶ ቀረ» የሚል ወሬ ስለሚሰማ፣ ሰው ሁሉ መተኛትን አደገኛ፣ ነቅቶ መታከምን ደግሞ አስተማማኝ አድርጎ ያስባል። ለትከሻ ቀዶ ሕክምና ሲሆን ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ለአንዱ ሰው የሚሻለው ማደንዘዣ ለሌላው የባሰ አደጋ ሊሆን ይችላል። ውድ አንባቢያን፣ በዛሬው ጽሑፋችን ሁለቱ የማደንዘዣ ዓይነቶች እንዴት እንደሚሠሩ፣ ምን እንደሚሰጡና ምን እንደሚያስከፍሉ፣ እርስዎም ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለባለሙያው ምን መንገር እንዳለብዎ እንመለከታለን።

በቅድሚያ ቀዶ ሕክምናው ያስፈልጋል?

ስለ ማደንዘዣ ከመጨነቅ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ይህ ነው። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ የሚደርሰው አብዛኛው የትከሻ አካባቢ ስብራት ያለ ቀዶ ሕክምና፣ ክንድን በአንገት ላይ በሚታሰር ማንጠልጠያ በማሳረፍና በኋላም በፊዚዮቴራፒ የሚድን ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በእንግሊዝ አገር ውጤቱ ይፋ የሆነ ጥናት ከቦታው የተንሸራተተ የላይኛው ክንድ አጥንት ስብራት ያለባቸውን 250 ሰዎች ግማሾቹን በቀዶ ሕክምና፣ ግማሾቹን በማንጠልጠያ አክሞ ለሁለት ዓመት ተከታትሏል። በመጨረሻም በሁለቱ ወገኖች የትከሻ አገልግሎት ላይ ጉልህ ልዩነት አልተገኘም።

ይህ ማለት ቀዶ ሕክምና አያስፈልግም ማለት አይደለም። የትከሻው ኳስ ከጉድጓዱ ወጥቶ የተሰበረ፣ አጥንቱ ቆዳን ቀዶ የወጣ፣ የደም ሥር የተጎዳ ወይም አጥንቱ ብዙ ቦታ የተሰባበረ ከሆነ ቀዶ ሕክምና ግድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሐኪምዎን «ያለ ቀዶ ሕክምና ቢታከም ምን ይሆናል?» ብለው ከመጠየቅ አይፈሩ።

ወጌሻ ዘንድ መሄድን በተመለከተም አንድ ነገር እንበል። በትከሻ ዙሪያ ወደ ክንድ የሚወርዱ ትልልቅ ነርቮችና የደም ሥሮች አሉ። የተሰበረ ትከሻ ራጅ ሳይነሳ ቢታሽ ወይም ቢጎተት የአጥንቱ ስል ጫፍ እነዚህን ሊጎዳ ይችላል። ታሽቶ ከሆነ ደግሞ አይደብቁ፤ ለሐኪሙ ይንገሩ።

ሙሉ ማደንዘዣ ምንድነው?

ሙሉ ማደንዘዣ በደም ሥር በሚሰጥ መድኃኒት ወይም በሚተነፈስ ጋዝ አእምሮን ጭምር የሚያስተኛ ነው። ታካሚው አይሰማም፣ አያይም፣ አያስታውስም። እንቅልፍ ይመስላል እንጂ እንቅልፍ አይደለም፤ የተኛን ሰው ቢነኩት ይነቃል፣ በሙሉ ማደንዘዣ ያለን ሰው ግን ቢቆርጡትም አይነቃም። ለትከሻ ቀዶ ሕክምና ብዙውን ጊዜ የመተንፈሻ ቱቦ በአፍ በኩል ይገባል፤ ማሽን ያስተነፍሳል። የማደንዘዣ ባለሙያው ታካሚውን ትቶ አይሄድም። የልብ ምቱን፣ የደም ግፊቱንና በደሙ ውስጥ ያለውን የኦክስጅን መጠን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይከታተላል።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ታካሚው አይንቀሳቀስም፤ ሥራው ቢረዝምም አይሰለችም፤ መተንፈሻውም በባለሙያው ቁጥጥር ሥር ነው። ጉዳቱ ደግሞ ከነቁ በኋላ ይታያል። ማቅለሽለሽና ማስመለስ የተለመደ ነው። ቱቦው በገባበት ጉሮሮ ላይ ለአንድ ሁለት ቀን መከርከር ይኖራል። የሚነቃነቅ ጥርስ ሊወልቅ ይችላል። አረጋውያን ለጥቂት ቀናት ግራ ሊጋቡ፣ ቀኑንና ቦታውን ሊስቱ ይችላሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ትከሻው ምንም ስላልደነዘዘ፣ ሲነቁ ሕመሙ አብሮ ይነቃል።

«መሐል ላይ ብነቃስ?» የሚለው ፍርሃትም አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 በእንግሊዝና አየርላንድ ሆስፒታሎች የተደረገ ሰፊ ቆጠራ ያሳየው፣ በሙሉ ማደንዘዣ ሳሉ መንቃታቸውን በኋላ ያመለከቱ ታካሚዎች ከ19 ሺህ አንድ ገደማ መሆናቸውን ነው። ያጋጥማል፤ ግን እጅግ ጥቂት ነው። «ሳልነቃ ብቀርስ?» ለሚለው ደግሞ፣ መሣሪያና ባለሙያ በተሟላበት ቦታ ጤነኛ የሆነ ሰው በማደንዘዣው ብቻ ሕይወቱን የሚያጣበት አጋጣሚ ከዚያም ያነሰ ነው። አደጋውን ከፍ የሚያደርጉት አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የነበረ ሕመም፣ ከባድ ጉዳት፣ ባዶ ያልሆነ ሆድና ያልተነገረ መረጃ ናቸው።

ከፊል ማደንዘዣስ?

ከፊል ማደንዘዣ አእምሮን ትቶ የሚታከመውን የሰውነት ክፍል ብቻ ያደነዝዛል። በወሊድ ቀዶ ሕክምና ወቅት ከወገብ በታች ለማደንዘዝ ጀርባ ላይ የሚወጋውን መርፌ ብዙዎቻችን እናውቃለን። ለትከሻ ግን መርፌው የሚወጋው አንገት ሥር፣ ከማጅራት አጥንት ወጥተው ወደ ክንድ የሚወርዱት ነርቮች በሁለት ጡንቻዎች መካከል በሚያልፉበት ቦታ ነው። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1970 አሎን ዊኒ በተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም ከተገለጸ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል። ዛሬ አልትራሳውንድ ባለበት ሆስፒታል ባለሙያው ነርቩንና መርፌውን በስክሪን እያየ ይወጋል። በሌለበት ደግሞ ነርቭን በቀላል ኤሌክትሪክ በሚቀሰቅስ መሣሪያ ወይም የአካል ምልክቶችን በመለየት ይሠራል።

መርፌው ሲወጋ ታካሚው ብዙውን ጊዜ ንቁ ነው፤ ቢበዛ ቀለል ያለ ማረጋጊያ ይሰጠዋል። ይህም በምክንያት ነው። መርፌው ነርቭ ከነካ እንደ ኤሌክትሪክ ወደ ክንድ የሚወረወር ሕመም ይሰማል። መድኃኒቱ በስህተት ወደ ደም ሥር ከገባ ደግሞ ጆሮ ይጮኻል፣ ምላስ ይደነዝዛል፣ አፍ ውስጥ ብረት ብረት የሚል ጣዕም ይመጣል። እነዚህ ከተሰሙዎት «ይለፍ» ብለው ዝም አይበሉ፤ ወዲያው ይናገሩ።

ከግማሽ ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ክንዱ ይከብዳል፣ ይሞቃል፣ በመጨረሻም የራስ ያልሆነ ይመስላል። ድንዛዜው እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ከ8 እስከ 24 ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ትልቁ ጥቅሙም ይኸው ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያሉት ከባዶቹ ሰዓታት ያለ ሕመም ያልፋሉ፤ እንደ ሞርፊን ያሉ ኃይለኛ ማስታገሻዎች አያስፈልጉም ወይም በጥቂቱ ይበቃሉ፤ ማቅለሽለሹም ይቀንሳል፤ ቶሎ መብላትና መነሳት ይቻላል።

ብዙ ሰው የማያውቀው የትንፋሽ ጉዳይ

አንገት ሥር የሚወጋው ማደንዘዣ የሚያስከፍለው ዋጋ ትንፋሽ ላይ ነው። ደረትን ከሆድ የሚለየውና ዋና የመተንፈሻ ጡንቻ የሆነው ድያፍራም የሚታዘዘው በአንገት በኩል በሚወርድ ነርቭ ነው። ይህ ነርቭ መርፌው ከሚወጋበት ቦታ ጥቂት ብቻ ስለሚርቅ፣ በተለመደው የመድኃኒት መጠን ሲሰጥ በዚያ በኩል ያለው የድያፍራም ግማሽ በሁሉም ታካሚ ማለት ይቻላል ለጊዜው ሥራውን ያቆማል። የሳንባ የመተንፈስ አቅምም በሩብ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይቀንሳል።

ጤነኛ ሳንባ ያለው ሰው ይህን ላያውቀው እንኳ ይችላል፤ ቢበዛ ደረቱ ላይ ትንሽ ክብደት ይሰማዋል። ነገር ግን ከላይ ወደጠቀስናቸው እናት እንመለስ። ዕድሜያቸውን በሙሉ በማገዶ ጭስ ምድጃ ሥር ሲጋግሩና ሲያበስሉ ኖረዋል። ክረምት ሲመጣ ያስላቸዋል፤ ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ይህን ግን «የዕድሜ ነው» ብለው ለማንም አልተናገሩም። ለእኚህ እናት «ክንዴን ብቻ» የሚለው ልመናቸው፣ በተለመደው መንገድ ከተፈጸመ፣ ከሚፈሩት ሙሉ ማደንዘዣ የበለጠ ለአደጋ ሊያጋልጣቸው ይችላል። የሳንባ ነቀርሳ ታመው ድነው ሳንባቸው ላይ ጠባሳ የቀረባቸው፣ ከባድ አስም ያለባቸውና ለረጅም ዓመታት ያጨሱ ሰዎችም እንደዚሁ ናቸው።

መፍትሔ የለም ማለት ግን አይደለም። ባለሙያው የመድኃኒቱን መጠን መቀነስ ወይም መርፌውን ከአንገት ራቅ አድርጎ ወደ ትከሻው በሚሄዱት ቅርንጫፍ ነርቮች ላይ ብቻ መውጋት ይችላል። ይህን ለማድረግ ግን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። የሚያውቀው ደግሞ ታካሚው ወይም ቤተሰቡ ሲነግሩት ነው።

ሌሎች ጊዜያዊ ምልክቶችም ሊታዩ ይችላሉ። በተወጋው በኩል የዓይን ቆብ ይወርዳል፣ ድምፅ ይሻክራል። ቤተሰብ ይህን አይቶ ስትሮክ መስሎት ይደነግጣል። ድንዛዜው ሲለቅ አብሮ ይጠፋል።

እንቅርት ካለብዎ አይዝለሉት

እንቅርት ለሁለቱም የማደንዘዣ ዓይነቶች ትርጉም አለው። ትልቅ እንቅርት የአየር ቧንቧን ስለሚጫን ወይም ስለሚያጣምም ለሙሉ ማደንዘዣ የሚገባውን ቱቦ ማስገባት ያስቸግራል። የአንገትን ቅርጽ ስለሚለውጥም መርፌውን ያከብደዋል። ቀደም ሲል የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ተደርጎልዎ ድምፅዎ ሻክሮ ከቀረም በተለይ ይናገሩ። በአንድ በኩል ያለው የድምፅ ነርቭ ተጎድቶ ሳለ መርፌው በሌላው በኩል ያለውን ለጊዜው ካደነዘዘ፣ የመተንፈሻ መንገድ ሊጠብ ይችላል።

የነርቭ ጉዳት ስጋት

«መርፌው ክንዴን ሽባ ቢያደርገውስ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥያቄው ተገቢ ነው። ከድንዛዜው በኋላ ለቀናት ወይም ለሳምንታት የሚቆይ መንዘር ወይም መደንዘዝ ያጋጥማል፤ በአብዛኛው ራሱ ይድናል። ለረጅም ጊዜ የሚቀር ጉዳት ግን እምብዛም ነው፤ ከ2 ሺህ እስከ 5 ሺህ ታካሚዎች በአንዱ ላይ ሊደርስ እንደሚችል ይገመታል።

ስብራቱ ራሱ ነርቭ ሊጎዳ እንደሚችልም አይዘንጉ። በተለይ ትከሻን ዙሮ የሚያልፈውና ክንድን ወደ ጎን የሚያነሳውን ጡንቻ የሚያዝዘው ነርቭ ለዚህ የተጋለጠ ነው። ስለሆነም ማደንዘዣው ከመሰጠቱ በፊት ሐኪሙ በትከሻው ውጫዊ ጎን ያለው ቆዳ ስሜት እንዳለው፣ ጣቶችና አንጓ እንደሚንቀሳቀሱ መርምሮ በካርድዎ ላይ መጻፍ አለበት። ክንዱ ከደነዘዘ በኋላ ይህን ማጣራት አይቻልም። ምርመራው ካልተደረገልዎ «ከመርፌው በፊት ነርቩን ያዩልኝ» ብለው ይጠይቁ። ይህ ለእርስዎም ለሐኪሙም ጥበቃ ነው።

ተቀምጦ መታከም

የትከሻ ቀዶ ሕክምና ብዙ ጊዜ የሚሠራው ታካሚው በከፊል ቀና ብሎ፣ በመዝናኛ ወንበር ላይ እንደተደገፈ ሰው ሆኖ ነው። በዚህ አቀማመጥ ጭንቅላት ከልብ በላይ ስለሚሆን የደም ግፊት ቢወርድ በቅድሚያ የሚጎዳው አንጎል ነው። ሙሉ ማደንዘዣ የደም ግፊትን ስለሚቀንስ ባለሙያው በጥብቅ ይከታተለዋል። ነቅተው የሚታከሙ ሰዎችም ቢሆኑ በዚህ አቀማመጥ ድንገት የልብ ምታቸው ቀንሶ ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ። የደም ግፊት ሕመምተኛ ከሆኑ ወይም ቀድሞ ስትሮክ አጋጥሞዎት ከነበረ ይህ ነጥብ በተለይ ይመለከትዎታል።

ነቅቶ መቆየት ለሁሉም እንደማይመችም ይታወቅ። ፊት በጨርቅ ይሸፈናል፤ የመሰርሰሪያና የመዶሻ ድምፅ ይሰማል፤ ሳይንቀሳቀሱ ከአንድ ሰዓት በላይ መቆየት ያስፈልጋል። ሕጻን፣ ከልክ በላይ የሚጨነቅ ሰው፣ የመርሳት ሕመም ያለበት አረጋዊ ይህን ላይችል ይችላል። መርፌው በደንብ ካልሠራም በመሐል ወደ ሙሉ ማደንዘዣ መሻገር ይመጣል። በተቃራኒው ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ወይም የሚወጋበት ቦታ ቁስል ያለበት ሰው መርፌው ላይሰጠው ይችላል።

ታዲያ የትኛው ይሻላል?

ብዙዎች ለአረጋውያን ከፊል ማደንዘዣ ሁልጊዜ የተሻለ ነው ብለው ያምናሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካና በካናዳ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 1,600 የዳሌ ስብራት ታካሚዎችን ያሳተፈ ጥናት ይፋ ሆኖ ነበር። በጀርባ መርፌ ከተደነዘዙትና ሙሉ በሙሉ ከተኙት መካከል በሁለት ወር ውስጥ በሞትም ሆነ በእግር መሄድ መቻል ልዩነት አላሳየም፤ ግራ መጋባትም በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ነበር። ዳሌ ትከሻ ባይሆንም ትምህርቱ ግልጽ ነው። ወሳኙ ነገር የማደንዘዣው ስም ሳይሆን ለዚያ ሰው አካል መስማማቱና የሚሰጠው ባለሙያ ጥንቃቄ ነው።

ለትከሻ ደግሞ ሁለቱን መምረጥ ሁልጊዜ ግድ አይደለም። በብዙ ቦታ የሚደረገው ሁለቱን ማጣመር ነው። በቅድሚያ ነርቩ ይደነዝዛል፤ ከዚያም ታካሚው ቀለል ባለ ሙሉ ማደንዘዣ ይተኛል። ትከሻው ስለደነዘዘ የማስተኛ መድኃኒቱ ይቀንሳል፤ ሲነቁም ሕመም የለም። በሞተር ሳይክል ወድቆ የተሰበረ፣ ሳንባው ጤነኛ የሆነ ወጣት ለዚህ ተስማሚ ነው። ሳንባቸው የደከመው እናት ደግሞ ከአንገት ራቅ ያለ መርፌና በጥንቃቄ የሚሰጥ ሙሉ ማደንዘዣ ሊሻላቸው ይችላል። ውሳኔው ሆስፒታሉ ባለው መሣሪያና ባለሙያው በሚካነው ዘዴ ላይም ይመረኮዛል።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ምን ይንገሩ?

በአገራችን ማደንዘዣ የሚሰጡት በአብዛኛው በሙያው የሠለጠኑ የማደንዘዣ ባለሙያዎች ናቸው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት መጥተው ሲጠይቁዎ የስምምነት ፎርም ለማስፈረም ብቻ የመጡ አይምሰልዎ። የሚከተሉትን ሳይደብቁ ይንገሯቸው፦

• የሳል፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአስም ወይም የሳንባ ነቀርሳ ታሪክ፤ ሲጋራና የማገዶ ጭስ።

• የልብ፣ የደም ግፊት፣ የስኳርና የሚጥል ሕመም፤ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ በተለይ ደም ማቅጠኛን። ከቻሉ እሽጉን ይዘው ይሂዱ።

• የባሕል መድኃኒት፣ ጫትና አልኮል። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ስለሚጨምር ባለሙያው ማወቅ አለበት። የሚጠይቀው ሊወቅስዎ አይደለም።

• ከዚህ ቀደም በእርስዎ ወይም በቅርብ ዘመድዎ ላይ ማደንዘዣ ያስከተለው ችግር፤ የመድኃኒት አለርጂ።

• የሚነቃነቅ ወይም ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ከባድ ማንኮራፋት፣ እርግዝና።

ስለ ምግብ ደግሞ በጥብቅ እንናገር። ጠጣር ምግብ ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ቅባት የበዛበት ከዚያም በላይ አስቀድሞ መቆም አለበት። ወተት እንደ ምግብ ይቆጠራል። ውኃ በአብዛኛው እስከ 2 ሰዓት በፊት ይፈቀዳል፤ ሆኖም ሆስፒታሉ የሰጠዎትን ትእዛዝ ይከተሉ። በከፊል ማደንዘዣ የሚታከሙም ቢሆኑ ሆዳቸው ባዶ መሆን አለበት፤ በመሐል መተኛት ሊያስፈልግ ይችላልና። ዘመድ አዝኖ «ትንሽ አጥሚት ቅመሱ» ቢል፣ የተቀመሰው ወደ ሳንባ ገብቶ ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል። በልተው ከሆነ ይናገሩ፤ ቀጠሮ ማራዘም ከዚህ አደጋ ይሻላል።

ቤት ከገቡ በኋላ

የደነዘዘ ክንድ ራሱን አይጠብቅም። ቢቃጠል፣ ቢጫን፣ በር ቢይዘው አይሰማዎትም። በማንጠልጠያው ይያዝ፤ ከምድጃና ከፈላ ነገር ይራቅ። ድንዛዜው ብዙ ጊዜ የሚለቀው ሌሊት ነው፤ ሕመሙም በአንድ ጊዜ ይመጣል። ስለዚህ የታዘዘልዎትን ማስታገሻ «አላመመኝም» ብለው አይተዉት፤ ክንዱ መንዘር ሲጀምር፣ ከመተኛትዎ በፊት ይውሰዱት። ትንፋሽ እያጠረ ከሄደ፣ ደረት ከወጋዎት፣ ድንዛዜው ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ፣ ጣቶች ከቀዘቀዙ ወይም ከጠቆሩ፣ ቁስሉ መግል ከያዘ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል ይመለሱ።

እናትዎ «ሳልነቃ ብቀርስ?» ሲሉ «አይዞሽ፣ ምንም አትሆኚም» ብለው ብቻ አይለፏቸው። የማደንዘዣ ባለሙያው ሲመጣ አጠገባቸው ይቀመጡ። እሳቸው ያፈሩበትን ወይም የናቁትን ሳል፣ ዳገት ላይ የሚያቆማቸውን ትንፋሽ እርስዎ ይንገሩለት። ከዚያም «ለእሳቸው ሳንባ የሚሻለው የትኛው ነው? ለምን?» ብለው ይጠይቁ። መልሱን እናትዎ በሚገባቸው ቋንቋ እስኪሰሙ ድረስ አይነሱ።